ጭነቷን እንደያዘች ትለካ

ሰኞ ዕለት ጉሱን በገዛ አፏ ራሷን አሰረች።

ጉሱን ከሰብር ተራራ ጫት አውርደው ተዒዝ ገበያ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ ናት። ሃምሳን የነካች፣ ፊቷን ለፀሐይም ለሰውም የማትሸፍን፣ ሻሿ ጥግ ላይ የምትሰካው በሶብላ ከጠዋት እስከ ማታ የማይጠወልግባት ሴት። በገበያው መግቢያ የምትቀመጥበት ድንጋይ አላት። ተራ ድንጋይ ነው፤ ግን ጥላ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋ፣ ገዢም ቀድሞ የሚቆመው እሱ ጋ ነው። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ተቀምጣበት መሃሉን አጎድጉዳዋለች፤ ጉሱን ደግሞ ጎድጓዳውን አስፍታዋለች ይላሉ ምቀኞቿ። እሷም አላስተባበለችም።

የገበያው አለቃ ሙቅቢል ነው፤ በአገሩ አጠራር ዓቂል ይሉታል። የሌሎቹን ሴቶች ጫት ከነሴቶቹ በፒክአፑ የሚያወርድ እሱ ነው። በእሱ መኪና የወረደች ሴት እሱ ባሳያት ቦታ ትቀመጣለች፣ እሱ ተነሺ ሲላት ትነሳለች። ጉሱን ግን ከባሏ ከቃይድ ጋር በገዛ ሞተራቸው ስለምትወርድ ቦታ የሚያሳያት ሰው አያስፈልጋትም። ይህ ነገር ሙቅቢል ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ከተሰነቀረ ሰንብቷል።

ታዲያ የጉሱን ሞተር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መንገድ ላይ መሞት አመጣች። በደህና ቀን እያጓራች ትነሳና ተራራውን አጋምሳ ስትወርድ ጡሩንባዋ ይሰለላል፣ ከዚያ ማሳል ትጀምራለች፣ ከዚያ ጭጭ። ያን ሰኞም እንዲሁ ሆነች። ጉሱን ጫቷን በራሷ ተሸክማ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ከቀትር አዛን በኋላ ገበያ ስትደርስ የሙቅቢል የወንድም ልጅ ነጂብ ድንጋይዋ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ አገኘችው።

«ተነስ፣ ይቺ የአያትህ አልጋ አይደለችም» አለችው።

ነጂብ ተነሳ፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የተነሳው። ሙቅቢል ምርኩዙን እያንቋቋ መጣ።

«የኔ እህት፣ ሞተርሽ አርጅታለች» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አንቺም ብትሆኚ ልጃገረድ አይደለሽም። ከነገ ጀምሮ ፒክአፑ ላይ ውጪ። ለአንቺ የሚሆን ጥግ አይጠፋም።»

«ጥግ ለመጥረጊያ ነው» አለች ጉሱን።

«መግቢያው ላይ ድንጋይ ባዶውን ሲውል ገበያው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ያስጠላል። እኔ ለገበያው ነው የማስበው።»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ በዚያው ይበርድ ነበር። ቃይድም ከኋላ ቀሚሷን ሳብ አድርጎ ነበር። እሷ ግን ሲጎትቷት ጭራሽ ወደፊት የምትሄድ ሰው ናት።

«ወላሂ» አለች እጇን አንስታ፣ «ነገ በራሴ ሞተር መጥቼ ከቀትር አዛን በፊት እዚህ ድንጋይ ላይ ካልተቀመጥኩ፣ ድንጋዩን ለነጂብ ስጠው! ከዚያ ወዲያ በፒክአፕህ እወርዳለሁ። ከፈለግህ እንደ ፍየል ከኋላ እሰረኝ!»

ሙቅቢል ፈገግ አለ። «ሰምታችኋል» አለ ወደ ሴቶቹ ዞሮ።

ሰምተዋል። ጆሮ ያለው ቀርቶ ጆሮው የከበደው ሽንኩርት ሻጭም ሰምቷል።

* * *

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ጫቱ ተቀነጠሰ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቀለለ፣ እስሩም እንደ ወትሮው ሞተሯ ወንበር ላይ ከባልና ሚስቱ መሃል ተቀመጠ። ጠላት «ቃይድና ጉሱን የሚፋቀሩት መሃላቸው ጫት ስላለ ነው» ይላል። የጉሱን ጫት በገበያው የታወቀው በእርጥበቱ ነው። ክዳኑን በሚስማር በሳስታ ያዘጋጀችው የፕላስቲክ ጠርሙስ አላት፤ በየመታጠፊያው ከጭኗ ስር ታወጣና እስሩ ላይ ቸፍ ቸፍ ታደርጋለች። ለጫቷ ውሃ ስትሰስት ያያት የለም። የቃይድ ጀርባ በበጋም በክረምትም አይደርቅም፤ አንዴ እንዲያውም ሐኪም «ሥራህ ዓሣ ማስገር ነው?» ብሎ ጠይቆታል።

ተራራውን አጋምሰው ሲወርዱ ቃይድ ለሚመጣ መኪና ጡሩንባ ነፋ። ጡሩንባዋ እንደታመመች ድመት ሚያው አለች።

«አትናገሪ» አለ ቃይድ።

«ምን አልኩ?»

«ልትናገሪ ነው።»

ሞተሯ አሳለች። አንድ መታጠፊያ አለፈች፣ ሌላውን በግማሽ አለፈች፣ ከዚያ ጭጭ አለች። ደግነቱ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ቃይድ እግሩን ዘርግቶ ፍሬኑን እየያዘ እየለቀቀ፣ ያለ ድምፅ እየተንሸራተቱ ወረዱ። ጉሱን ከኋላ ሆና አላህንም ሞተሯንም ባሏንም በየተራ ስትማጸን ከተራራው ግርጌ ከሃዛዕ ጋራዥ በር ላይ ደረሱ።

ሃዛዕ መካኒክ ነው፤ ግን ሃዛዕ ብሎ የሚጠራው የለም፤ መሃንዲስ ነው የሚባለው። በዚያ አገር መፍቻ የጨበጠ ሁሉ መሃንዲስ ነው። አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ሆዱ ከቱታው የሚቀድም፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ብቻ አንድ ጉድለት አለበት፤ «አላውቅም» የሚባለውን ቃል ከአፉ ለማውጣት ጥርስ እንደሚነቀል ሰው ይጨነቃል። ሲደርሱ ጎማ ላይ ተቀምጦ በጭስ የደረቀ አይብ በትኩስ ዳቦና በቃሪያ ድልህ ይቆርሳል።

«ኑ ብሉ» አለ፤ ከዚያ ሞተሯን አየና መቁረሱን ተወ። «አሁንም?»

«አሁንም» አለች ጉሱን።

«ባትሪ ቀይሬላችኋለሁ!»

«ቀይረሃል፤ ሞተች።»

«ሬጉሌተሩንም ቀይሬያለሁ!»

«ቀይረሃል፤ ሞተች። የባሌን መብራትም ገፍፈሃል፤ ያም ሆኖ ሞተች።»

ቃይድ ወደ ጋራዡ በር ቀና ብሎ አየና ተነፈሰ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያሉ ብልጭ የሚሉ ረጃጅም የመብራት ገመዶች ነበሩት፤ ሞተሯን ከመሪ እስከ ጭራዋ የሚያለብሷት። ሃዛዕ ባለፈው «ባትሪያችሁን የሚመጠው ይሄ ሠርግ ነው» ብሎ ፈትቷቸው ነበር። አሁን የጋራዡ በር ላይ ተሰቅለው የእሱን ስም በብልጭታ ከበው ይታያሉ።

«አደራ እንዲቀመጥ ነው የሰቀልኩት» አለ ሃዛዕ፣ ቃይድ የሚያየውን አይቶ።

«አደራው በደንብ ይበራል» አለ ቃይድ በሐዘን።

«መሃንዲስ» አለች ጉሱን፣ «ዛሬ ከቀትር አዛን በፊት በዚህች ሞተር ድንጋይዬ ላይ መድረስ አለብኝ። ምያለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምትቀይረው ነገር የለም። ዛሬ የምትለካው ነው። ፊቴ ለካ፤ እኔም እዚሁ ቆሜ አያለሁ።»

«አክስቴ፣ ቢለካ ይገባዎታል?»

«ጫት ስመዝን ስንት ዓመቴ ነው? መርፌ ሲወጣና ሲወርድ ለማየት መሃንዲስ መሆን አያስፈልግም።»

ሃዛዕ እጁን በጨርቅ ጠረገና የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አወጣ። አሮጌ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ መርፌ የምትወዛወዝበት፣ አባቱ ትቶለት የሄደ። «በመጀመሪያ ይሄን ጫት አውርዱልኝ» አለ። «እርጥብ ነገር ከኤሌክትሪክ አጠገብ አልወድም። ስንቴ ልናገር!»

እስሩ ወረደና ጥላ ስር ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሃዛዕ የወንበሩን ስር በአሮጌ ፎጣ ጠራርጎ አደረቀ። የሞተውን ባትሪ አውጥቶ የራሱን የተሞላ ባትሪ ገጠመ። ቀዩን ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አገናኘ፤ መርፌዋ ወጣችና ከአሥራ ሁለት ጥቂት አለፍ ብላ ቆመች።

«ይሄ ባትሪው ብቻውን፣ ተኝቶ ነው» አለ። «አሁን ሞተሩ ሲነሳ፣ ኮይሉ ውስጥ መብራት ይመረታል። ሬጉሌተሩ ይገራዋል፣ ባትሪው ይጠጣዋል። ከጠጣ መርፌዋ አሥራ አራት ላይ ትወጣለች። ካልጠጣ ባለችበት ትቀራለች፣ እንዲያውም ትወርዳለች። ገባዎት?»

«ላም፣ አላቢ፣ ጥጃ» አለች ጉሱን።

ሃዛዕ ለዓመታት ሲያስረዳ እንዲህ አሳጥሮት አያውቅም። «ቃይድ፣ ምታት» አለ።

ቃይድ ረገጠ። ሞተሯ ምንም እንዳልሆነች አጓራች። ነዳጅ ሲሰጣት መርፌዋ ሳትንገዳገድ አሥራ አራት ላይ ወጥታ ቆመች።

«ይኸው! ትጠጣለች!»

ሃዛዕ በዚህ አላበቃም፤ የተሞገተ ሰው ነውና ሁሉንም አሳየ። ቁልፉን ዘግቶ የሚሰርቅ ሽቦ መኖሩን ፈተሸ፤ ሌባ የለም። ከኮይሉ የሚወጡትን ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን እያጣመረ ለካ፤ ሦስቱም እኩል ናቸው። እያንዳንዱን ከሞተሯ ብረት ጋር አገናኘ፤ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። «ወደ ብረቱ የሚፈስ የለም» አለ። «ጤነኛ ናት።»

«ታዲያ ለምን ሞተች?»

ሃዛዕ ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ አይቡ አየ። ጥርሱ ሊነቀል ነው። «ምናልባት... ኮይሉ በጣም ሲግል የሚታመም ይሆናል። ልፈታው ይገባል። ትታችኋት ሂዱና ሐሙስ ኑ።»

«ሐሙስ ለማን?»

«አክስቴ...»

በዚህ መሃል የመኪና ጡሩንባ አካባቢውን አናወጠው። የሙቅቢል ፒክአፕ ነው። ከኋላ ሴቶቹ ከነእስራቸው ተጠቅጥቀዋል፤ ከፊት ሙቅቢል ክርኑን በመስኮት አውጥቷል። መኪናዋን ጋራዡ በር ላይ አቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ የኔ እህት! በሽተኛዋ እንዴት አደረች?»

«አልሓምዱሊላህ፣ ካንተ ትሻላለች።»

«ውጪ ግዴለም። መሐላሽን እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ከኋላ በኩል ከሽንት ቤቱ አጠገብ ደህና ቦታ አለ፤ ንፋስም ይመጣል።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ እህል ውሃ አብራት የተቃመሰች፣ ከላይ ሆና እጇን ዘረጋች። «ነይ በቃ ጉሱን፣ እልህ ምን ያደርጋል? እኛ ሁላችንም እዚሁ ነን።»

ጉሱን ያችን እጅ አየቻት። ሙቅቢልን ብቻ ብታይ ይቀላት ነበር፤ የዚያች ሴት እጅ ነው ልቧን ያራደው። ጫቱ ጥላ ስር እየጠወለገ ነው፤ ፀሐይ ወደ አናት እየወጣች ነው፤ ሞተሯ ጤነኛ ናት ተብሎ መንገድ ላይ ትሞታለች። አንድ እርምጃ ብትራመድ ያበቃል። ከዚያ ነገም ተነገ ወዲያም እጅ ይዘረጉላታል፣ ትወጣለች፣ ያሳዩዋታል፣ ትቀመጣለች።

«እህቴ፣ እጅሽን ሰብስቢ፣ ፀሐይ ይመታሻል» አለቻት። ከዚያ ወደ ሙቅቢል ዞረች። «አንተም ፍጠንና ሂድ፤ ነጂብ ድንጋዬን አቧራውን ጠርጎ ይጠብቀኝ።»

ፒክአፗ አቧራዋን ነስንሳባቸው ሄደች። ሙቅቢል ሲስቅ እስከ ታች ድረስ ይሰማ ነበር።

«ሞተር ለምነን በሌላ ሰው ብንሄድስ?» አለ ቃይድ ቀስ ብሎ።

«‹በራሴ ሞተር› ብዬ ነው የማልኩት።»

«ምን አለ ‹በሞተር› ብለሽ ብታበቂው...»

«ቃይድ!»

ጉሱን ወገቧን ይዛ ሞተሯን ዞረቻት፤ ገዢ በግ እንደሚዞር። ሃዛዕ ቴስተሩን መጠቅለል ጀምሮ ነበር።

«አትጠቅልል» አለችው። «እኔ ወገቤን ያመኛል። ሐኪም ዘንድ ስሄድ ግን ምንም አይለኝም። አልጋ ላይ ያስተኛኛል፣ ይነካካኛል፣ ‹ጤነኛ ነሽ› ይለኛል። ለምን? እኔ የሚያመኝ ስሸከም ነዋ! አንተም ይህችን ምስኪን ጭነቷን አውርደህ፣ ባሌን አውርደህ፣ እኔን አውርደህ፣ እንደ ሙሽራ ጠራርገህ ለካሃት። መንገድ ላይ እንዲህ ሆና አታውቅም። ጭነቷን እንደያዘች ትለካ!»

ሃዛዕ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «አክስቴ፣ ኤሌክትሪክ ኪሎ አይቆጥርም! አንድ ኩንታል ቢጭኑባት ቮልቱ ያው ነው!»

«ይቆጥር አይቆጥር አልጠየቅኩህም። ለካ ነው ያልኩት።»

«ስንት ባትሪ የቀየርኩ ሰው ነኝ እኮ!»

«እሱማ ሁሉንም በእኔ ላይ ነው የቀየርከው።»

ሃዛዕ ሳቁ ቆመ። ቴስተሩን እንደገና ፈታ። ቃይድ ከፊት ተቀመጠ፣ እስሩ መሃል ገባ፣ ጉሱን ከኋላ ወጣች፤ ሞተሯ እዚያው በቆመችበት ተነሳች። መላው መንገድ ቆሞ ያያቸው ጀመር፤ ባልና ሚስት ተሳፍረው የትም የማይሄዱ። አንድ ሻይ ሻጭ «መልካም ጉዞ!» ብሎ ጮኸ።

ቃይድ ነዳጅ ሰጣት። መርፌዋ አሥራ አራት ላይ ወጣች፤ ቆመች። ጸጥ ብላ ቆመች።

«ኪሎ አይቆጥርም አላልኩም?» አለ ሃዛዕ። መደሰቱን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። «አሥራ አራት! ልክ እንደ ቅድሙ!»

ጉሱን መርፌዋን ትኩር ብላ አየቻት። ይህች ክር የምታህል ነገር ነች ድንጋይዋን የምትወስደው። ዓይኗ ወደ እስሩ ወረደ፤ ጨርቁ ጠርዝ ጠርዙ ደርቋል፣ አንዱ ቀንበጥ አንገቱን ደፍቷል። መሐላ ቢያዝም ድንጋይ ቢሄድም ጫት ሲጠወልግ ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም። እጇ ሳታዘው ጠርሙሷን ከጭኗ ስር አወጣና ቸፍ ቸፍ አደረገለት። ደግማ ቸፍ። የቃይድ ጀርባ እንደ ወትሮው ራሰ። ውሃው በጨርቁ ወረደ፣ በወንበሩ ስፌት ገባ፣ ከጎን ሽፋኑ ስር ተንጠባጠበ።

መርፌዋ ተንቀጠቀጠች።

«ሃዛዕ» አለ ቃይድ።

አሥራ ሦስት። ደግማ ተንቀጠቀጠች፣ አሥራ ሁለት። እያዩዋት ደግሞ ወረደች።

ሃዛዕ ቴስተሩን አንኳኳው፤ መርፌዋ አልሰማችውም። ከዚያ የተንበረከከው ቀስ ብሎ ነው። የጎኑን ሽፋን ነቅሎ ውስጡን በእጅ መብራት አየ። ሦስቱ ቢጫ ሽቦዎች ወደ ሬጉሌተሩ የሚገቡበት የፕላስቲክ መጋጠሚያ እዚያው ነበር፤ ልክ እስሩ ከሚቀመጥበት በታች። አረንጓዴና ነጭ ዝገት አብቅሎ፣ ከውስጡ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ብረቱን ተጠግቶ ጥዝዝ ይላል። አንዱን ቢጫ ሽቦ ከብረቱ ጋር ለካው። ቅድም ንቅንቅ ያላለችው መርፌ ዘላ ወጣች።

«ወደ ብረቱ ይፈሳል» አለ ሃዛዕ ለራሱ። «ሲርስ ብቻ። ሲደርቅ ደግሞ ይድናል። እኔ ደግሞ በመጣችሁ ቁጥር...» ፎጣውን አየው። «...አደርቀዋለሁ።»

ቃይድ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጉሱን የሚያለቅስ መስሏት ነበር። «ጉሱንዬ» አለ ሳቁ እያነቀው፣ «መብራቶቼን በሐሰት ነው ያሰሩብኝ! ገዳይዋ ከኋላዬ ተቀምጣ ኖሯል! በየመታጠፊያው እየገደልሽ፣ በየመታጠፊያው ‹ያ ረብ› ስትዪ!»

የጉሱን ፊት ቀላ። ጠርሙሱን አየችው። ሙቅቢል ቢሆን፣ ምቀኛ ቢሆን፣ ያረጀ ኮይል ቢሆን ቀንበሩን ታሸክመው ነበር፤ የገዛ እጇን ምን ታድርገው?

«እና? ጫቱን ደረቅ ልሽጠው?» አለች። «ሞተር ጫትን ትለምዳለች እንጂ ጫት ሞተርን አይለምድም! መሃንዲስ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ? ቁረጠው!»

«ወላሂ እቆርጠዋለሁ!» አለ ሃዛዕ። እንደዚያ ሲፈጥን ታይቶ አይታወቅም። የዛገውን መጋጠሚያ ቆርጦ ጣለ። ሽቦዎቹን ልጦ አንድ ባንድ እርስ በርስ ጠመዘዘ፣ በቀለጠ ቆርቆሮ በየዳቸው፣ ግሪስ ቀባቸው፣ ከአሮጌ ካላማደሪያ በቆረጠው ጎማ ጠፍሮ ከውሃው መንገድ አርቆ ታንከሩ ስር ወሸቃቸው። ከባዶ የዘይት ጀሪካን ጎኑን ሸልቅቆ እንደ አሸንዳ ወንበሩ ላይ አጋደመና እስሩን ከላዩ አስቀመጠ። «አሁን አፍስሱበት» አለ።

ጉሱን የጠርሙሱን ክዳን ነቅላ ሙሉውን ገለበጠችው። ውሃው በአሸንዳው ወርዶ መንገድ ላይ ፈሰሰ። መርፌዋ አሥራ አራት ላይ እንደተተከለች ቀረች። ሻይ ሻጩ አጨበጨበ።

«ባትሪዬን ይዛችሁ ሂዱ» አለ ሃዛዕ። «የእናንተ እኔ ጋ ይሞላል። ማታ ስትመለሱ እንቀያየራለን።» ከዚያ ላቡን ጠረገና አንድ ጥርስ ነቀለ። «አላወቅኩም ነበር፣ አክስቴ።»

«አሁን ገና መሃንዲስ ሆንክ» አለችው ጉሱን። «በል አሁን የባሌን መብራት አውርድ።»

«አሁን? አዛን እኮ...»

«አውርድ አልኩህ! ንጹሕ ሰው ታስሮ አይውልም።»

* * *

ከግርጌው እስከ ገበያው ያለውን መንገድ ቃይድ እንዴት እንደነዳው የሚጠይቀው ቢኖር አይነግረውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና አንዳንዱን ቦታ። የመብራት ገመዶቹ በጥድፊያ መሪው ላይ ተጠምጥመው ጫፋቸው በነፋስ ይገረፋል። ጡሩንባዋ እንደ መርከብ ትጮኻለች። ጉሱን ከኋላ ሆና ለመንገደኛው ሁሉ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ትላለች፤ በየመታጠፊያውም፣ ከልማድ፣ ቸፍ።

ገበያው መግቢያ ሲደርሱ የመስጊዱ ሙአዚን ድምፅ ማጉያውን መታ መታ ሲያደርግ ተሰማ። ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ሙአዚን ጉሮሮ ሲጠርግ ጊዜ ወስዶ ነው፤ የዚያን ቀን ጉሱን ለረጅም ዕድሜው ዱዓ አደረገችለት።

ነጂብ ድንጋዩ ላይ ነበር። ንጹሕ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ፊት ለፊቱ የአጎቱን ጫት ደርድሮ። ሙቅቢል ከጎኑ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሟል፤ ሴቶቹ ከዳር ዳር ሆነው ያያሉ።

«ተነስ የኔ ልጅ» አለች ጉሱን ከሞተሯ ወርዳ።

ነጂብ አጎቱን አየ። አጎቱ ሰማይ አየ። «ዓቂል ተነስ ካለኝ እነሳለሁ» አለ ነጂብ፣ ይበልጥ እየተመቻቸ።

ሙአዚኑ ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግዴለም አትነሳ» አለች ጉሱን በለሰለሰ ድምፅ። ያን ድምፅ የሚያውቁት ሴቶች ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። «ብቻ ይህችን ትንሽ ያዝልኝ፤ ወገቤን ያመኛል።» እስሩን ከሞተሯ አንስታ፣ ውሃ ጠጥቶ እንደ ጥጃ የከበደውን፣ ነጂብ ጭን ላይ ቁጭ አደረገችው።

ከተራራው ጀምሮ የጠጣው ውሃ ሁሉ ነጭ ጀለቢያው ላይ ወረደ። ነጂብ «ዋይ!» ብሎ እንደ ፌንጣ ዘለለ። እስሩ ወደቀ፤ ጉሱን በአንድ እጇ አፈፍ አድርጋው ዞር አለችና እናቷ ባጎደጎደችው፣ እሷ ባሰፋችው ቦታ ላይ ቁጭ አለች።

«አላሁ አክበር» አለ ሙአዚኑ።

ሴቶቹ እልል ሊሉ ነበር፤ አዛኑን አክብረው አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። ያች ፒክአፑ ላይ እጇን የዘረጋችው ግን አልቻለችም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አዛኑ ሲያበቃ ሙቅቢል ምርኩዙን አንቋቋ። «አዛኑ ሲጀምር ገና ቆመሽ ነበር» አለ። «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ነጂብን ጠይቀው» አለች ጉሱን እስሯን እየፈታች። «መቼ እንደራሰ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።»

ነጂብ ጀለቢያውን በሁለት እጁ ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ቆሟል። አጎቱን አየ፣ የረጠበውን አየ፣ የሴቶቹን ዓይን አየ። «ከአዛኑ በፊት ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ ብርድ ብርድ ብሎት ነበርና።

ሙቅቢል ፊቱን አዙሮ ወደ ፒክአፑ ሄደ፤ ምርኩዙም ድንጋዩን ሲመታ ድምፁ እንደ ወትሮው አልጎላም።

«የኔ እህት» አለች ያቺ ሴት፣ ወደ ጉሱን ጠጋ ብላ፣ «ነገ ከኋላሽ ቦታ አይኖርም?»

«ከቃይድና ከእኔ መሃል ጫት አለ» አለች ጉሱን። «ያንቺን እስር ግን ከጎን እናስረዋለን። አንቺ ራስሽ ከፈለግሽ በእግርሽ ነይ፤ ከዚያ ፒክአፕ በእግር መውረድ ይሻላል።»

ከመንገዱ ማዶ ቃይድ ሞተሯን ጥላ ስር አቁሞ ሽቦ ሲያገናኝ ቆይቶ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በእኩለ ቀን፣ ለማንም በማያስፈልግበት ሰዓት፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን መብራት አንድ ላይ አበራው። ጉሱን አየችው። ጠርሙሷን አንስታ ጫቷን ቸፍ አደረገችው፤ ከዚያም ያለ ስስት፣ ደገመችው።